ቮድካና አረቄ ለቤት ጽዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሠርግ የተረፈ ግማሽ ጠርሙስ ቮድካ ቡፌ ውስጥ ያስቀመጠም፣ «ቮድካ የማያጸዳው ነገር የለም» ሲባል ሰምቶ ግራ የገባውም የሚጠይቀው ከዚህ ብዙም አይርቅም። መልሶቹን ስናዘጋጅ የደሴንና የኩታበርን ጉም፣ የከሚሴን ሙቀት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሰል የማይጠፋበትን የወሎ ቤት አስበን ነው።

ቮድካ እውነት ያጸዳል?

ያጸዳል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ቮድካ ውሃና ኢታኖል ነው። ጠርሙሱ ላይ 40% ካለ ከመቶው አርባው አልኮል፣ የቀረው ውሃ ነው። አልኮሉ ውሃ ብቻውን የማይደፍረውን ያሟሟል፦ የዕጣን ጢስ የለቀቀውን ሙጫ፣ የስክሪብቶ ቀለም፣ የተላጠ ስቲከር የተወውን ማጣበቂያ፣ የእርድ ቢጫ። ሥራውን ሲጨርስ ከውሃው ጋር ተኖ ይሄዳል። ንጹሕ ቮድካ ስኳርም ሽቶም ስለሌለበት መስተዋት ላይ ዱካ አይተውም፤ ከሌሎቹ መጠጦች የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ቅባት ላይ ግን ደካማ ነው። ምድጃ ላይ የፈሰሰ ዘይት፣ ትራስ ላይ ያለ የጸጉር ቅቤ፣ የድስት ቂጥ፣ እነዚህን በቮድካ ማሸት መጠጡን መድፋት ነው። ሙቅ ውሃና ሳሙና በአምስት ደቂቃ ይጨርሷቸዋል። የውሃ ማፍያና ቧንቧ ላይ የሚጋገረው ነጭ የኖራ ቅርፊትም በአልኮል አይለቅም፤ እሱ የሚፈልገው አሲድ ስለሆነ አቼቶ ወይም ሎሚ ይጠቀሙ።

ጀርም ይገድላል?

በዚህ መተማመን አይገባም። አልኮል ተህዋስያንን በአግባቡ የሚገድለው ከ60 እስከ 90 ከመቶ ሲሆን ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ እጁን በአረቄ የሚታጠብ ሰው ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ግን 80 ከመቶ ኢታኖል ነው የሚለው። ቮድካ የዚያ ግማሽ ነው፤ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያ፣ የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ፣ የታመመ ሰው ያስታወከበት ወለል በቮድካ አይታለፉም። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠቡ፤ ከዚያ ዕቃው የሚችለው ከሆነ በረኪና በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ተበርዞ ይፈስበት። ትንንሽ ነገር ለመጥረግ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 ከመቶ አልኮል ይሻላል። 96 ከመቶ የሆነው ይበልጥ ይገድላል ብለው የሚገዙም አሉ። አይደለም፤ አልኮሉ የተህዋሱን ፕሮቲን ለማበላሸት ውሃ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ላይ በጣም የጠነከረው ሳይሠራ ይተናል።

ቮድካ ከሌለ አረቄ ይሆናል?

እንደ አረቄው ነው። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከአውጪ አውጪ ይለያያል፤ ዳግም የሚባለው ከተራው ይጠነክራል። ከእህሉና ከጌሾው የሚመጣው ሽታ ጨርቅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለመስተዋት ይበቃ ይሆናል፤ ለጋቢ ግን አይመከርም። ኡዞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ውሃ ሲነካው የሚነጣው የአኒስ ዘይት ስላለበት ነው፤ ያ ዘይት መስተዋቱ ላይ ይቀራል። ጣፋጭ መጠጦች ሁሉ ስኳራቸው ተጣብቆ ጉንዳን ይጠራል።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ንጹሕ መስተዋት ላይ አራት አምስት ጠብታ ጣል ያድርጉና ሳይነኩት ይድረቅ። በብርሃን ገደድ አድርገው ሲያዩት ጠርዙ ላይ ነጭ ወይም ቢጫ ቀለበት ካለ፣ በጣት ሲነካም የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ለጽዳት አይበጅም።

አረቄን በክብሪት ለኩሶ መሞከር የተለመደ ነው። እሳት መያዙ የሚነግርዎ አልኮሉ ብዙ መሆኑን እንጂ ንጹሕ መሆኑን አይደለም፤ ሜታኖል የተቀላቀለበትም ይነዳል። ሜታኖል በእስትንፋስም በቆዳም ይገባል፤ ዓይን ያጠፋል። ምንጩ ያልታወቀ፣ እሽጉ የተነካካ ጠርሙስ አይጠጣም፣ አይረጭምም።

መጠኑ ስንት ነው?

አንድ ዓይነት መጠን ለሁሉም አይሆንም፤ እኛ የምንመክረው ይህን ነው፦

ለመስተዋትና ለመስኮት፦ ቮድካና ውሃ እኩል። በግማሽ ሊትር መርጫ 250 ሚሊ ሊትር ቮድካ፣ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ። የቧንቧው ውሃ ጨዋማ ከሆነ የተፈላ ሳይሆን በእንፋሎት የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ይጠቀሙ፤ ማፍላት ማዕድኑን ሁሉ አያወጣውም፤ የተረፈውም መስተዋቱ ላይ ነጥብ ይሆናል።

ለልብስ ሽታና ለስቲከር ማጣበቂያ፦ ሳይበረዝ።

96 ከመቶ አልኮል ካለዎት የቮድካ ጥንካሬ ለማምጣት 208 ሚሊ ሊትር አልኮል ለክተው ውሃ እየጨመሩ ግማሽ ሊትር ይሙሉ። ከ70 ከመቶው ሲሆን 286 ሚሊ ሊትር ይሆናል። መለኪያ ከሌለ በአረቄ መለኪያ መስፈር ይቻላል፤ ከ70 ከመቶው አራት መለኪያ ለሦስት መለኪያ ውሃ ልክ 40 ከመቶ ይወጣዋል።

የሎሚ ልጣጭ ዘፍዝፎ ማስቀመጥ ሽታውን ያሳምረዋል። ጤና አዳም ወይም ሌላ ቅጠል የሚጨምሩ ግን ልብስ ላይ እንዳይረጩት፤ አልኮሉ የቅጠሉን አረንጓዴ አውጥቶ ነጠላው ላይ ያትመዋል።

የቡፌው መስታወት ቡና በተፈላ ቁጥር ይደበዝዛል። በውሃ ሳሸው ይባስ ይዝጎረጎራል። ምን ላድርግ?

ቮድካ የሚያኮራው እዚህ ላይ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ዕጣኑ ሲጨስ ከጢሱ ጋር የሚወጣው ሙጫ ቀዝቃዛውን መስታወት ሲያገኝ ይለጠፍበታል። አቧራና የከሰል ጥላሸት ይጨመርበታል። ዕጣን ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ሙጫ በውሃ አይሟሟም፣ በአልኮል ግን ይሟሟል። ውሃ ያለው ጨርቅ ሙጫውን ከቦታ ቦታ ያዞረዋል እንጂ አያነሳውም።

መጀመሪያ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ያራግፉ። ያልተበረዘ ቮድካ መስታወቱ ላይ ሳይሆን ጨርቁ ላይ ያርከፍክፉ፤ መስታወቱ ላይ ሲረጭ ወደ እንጨቱ ክፈፍ ወርዶ ቫርኒሹን ይበላዋል። ከላይ ወደ ታች እየሳቡ፣ የአንድ ክንድ ያህል ስፋት እየያዙ ይሂዱ። ጨርቁ ቡኒ ሲሆን ያገላብጡት፤ በዚያው ገጽ ከቀጠሉ ያነሱትን መልሰው እየቀቡት ነው። ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ያድርቁ። ያረጀ የጥጥ ሸሚዝ ወይም ጋዜጣ ጥሩ ነው፤ አዲስ ፎጣ የክር ብናኝ ይተዋል።

ዓመት ሙሉ ያልተነካ መስታወት ከሆነ 40 ከመቶው ላይበቃ ይችላል። በ70 ከመቶ አልኮል ጨርቅ አርሰው ሁለት ደቂቃ ይለጥፉበትና ከዚያ ያሹት። ይህ ሁሉ ቡናው ተጠጥቶ፣ ፍሙ ወጥቶ፣ ማጨሻው ከቤት ከተነሳ በኋላ ነው።

መስመር ከቀረ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጨርቁ ነው። በዱቄት ሳሙና ታጥቦ በደንብ ያልለቀለቀ ጨርቅ ሳሙናውን መስተዋቱ ላይ ይተዋል። በፀሐይ የጋለ መስኮትም አይጸዳ፤ ጠብታው ሳይደርሱበት ይደርቃል።

ጋቢ፣ ባና፣ ካፖርት የያዘውን ሽታ ያወጣል?

የጢስ፣ የላብና የታፈነ ቁም ሳጥን ሽታን ይቀንሳል። በየምሽቱ የማይታጠብ የመድረክ ልብስ ያላቸው ቲያትር ቤቶች ልብሱን በቮድካ መርጨት የቆየ ልማዳቸው ነው።

ልብሱን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ላይ ይስቀሉ። ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው በብናኝ ይርጩ፤ ጨርቁ እርጥብ እርጥብ ይበል እንጂ አይንጠባጠብ። ብብቱንና አንገቱን ከውስጥ በኩል ይርጩ። ከዚያ መጠበቅ ነው። በደረቅ ወቅት ደሴ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ግን አልኮሉ ቢሄድም ውሃው ይቀራል፤ ያን ጊዜ ልብሱን ሳይደርቅ አጥፎ ማስቀመጥ በጢስ ሽታ ፋንታ የሻጋታ ሽታ መግዛት ነው። ክረምት ላይ ይህን ባይሞክሩ ይሻላል።

ጥበብ ያለው ቀሚስ ከሆነ ከጫፉ ከውስጥ በኩል አንድ ጠብታ ጥለው በነጭ ጨርቅ ይጫኑት። ነጩ ቀለም ካነሳ ይተዉት። ሐርም በውሃው ምክንያት ነጥብ ይይዛል።

መርጨት ማጠብ አይደለም። የላቡ ጨውና ቅባት እዚያው ስላለ ልብሱ በሁለተኛው ሦስተኛው ልብሰት ተመልሶ ይሸታል።

የትኛውን እድፍ ያስለቅቃል?

የአልጫ እርድ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። ቢጫው ቀለም በአልኮል ይሟሟል፣ በፀሐይም ይከስማል፤ ስለዚህ ሁለቱን ማጣመር ነው። ከእድፉ ሥር የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አድርገው ቮድካ በነካ ጥጥ ከላይ መታ መታ ያድርጉ፤ አያሹት፣ ማሸት ያሰፋዋል። ሥር ያለው ጨርቅ ቢጫ እየጠጣ ሲመጣ ቦታ ይለውጡለት። ከዚያ በሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡ። ከመቀባትዎ በፊት ሳሙና እንዳይነካው ይጠንቀቁ፤ እርድ ሳሙና ሲያገኝ ወደ ቀይ ይለወጣል፤ የባሰ መስሎ ያስደነግጣል። ከደረሰብዎም አብሽሩ፤ በብዙ ውሃ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫው ይመለሳል።

የስክሪብቶ ቀለምም በዚሁ መንገድ ይወጣል። የበርበሬ ወጥ ግን ቀለሙ ከዘይቱ ጋር ስለሆነ ፈሳሽ ሳሙና ይቅደም። ሂና አይለቅም። ጧፍ ነጠላ ላይ ሲንጠባጠብ ሰም ስለሆነ አልኮል አይነካውም፤ ሲደርቅ በጥፍር ይፈቅፍቁት፣ የቀረውን በሁለት ወረቀት መካከል አድርገው ለብ ባለ ካውያ ይጫኑት።

በክረምት ግድግዳና መስኮት ላይ የሚወጣውን ጥቁር ሻጋታስ?

መስኮቱ ፍሬምና የመታጠቢያ ቤቱ ሸክላ ላይ ያለውን ስስ ሻጋታ ያልተበረዘ ቮድካ ረጭተው 15 ደቂቃ ካቆዩት በኋላ በጥርስ ብሩሽ ሲያሹት ይነሳል። ግድግዳ ላይ አይርጩ፤ አልኮል በውሃ የሚበጠበጠውን የግድግዳ ቀለም አልስልሶ ይልጠዋል። ለማንኛውም ሻጋታው የሚመለሰው እርጥበቱ ስላልተነካ ነው። አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅና ጠዋት ጠዋት መስኮት መክፈት ከጠርሙስ ቮድካ ይበልጣል።

የማይነካው ዕቃ ምንድን ነው?

ጎማላካ ወይም ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት። አናጺ ጎማላካን የሚያሟሟው በአልኮል ስለሆነ ረከቦቱንና ጠረጴዛውን ቮድካ ሲነካው የአናጺውን ሥራ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ያጣብቃል። መስታወት የሚመስለው ግልጽ ፕላስቲክ በጸጉር ስንጥቅ ይሞላል። ቆዳ ይደርቃል። የቴሌቪዥንና የስልክ ስክሪን፣ ሽፋን ያለው መነጽር እንዲሁ ይቅርባቸው።

ከጌጥ ወርቅ ችግር የለበትም፤ አምስት ደቂቃ ነክሮ በለስላሳ ብሩሽ ማሸት ይቻላል። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ የሚታየው ትልልቅ ቢጫ የሙጫ ዶቃ ግን አይነከርም። ያልበሰለው የዛፍ ሙጫ በአልኮል ወዲያው ላዩ ይጣበቃል፤ ጥንታዊው ቢሆንም ወዙን ያጣል። የብር መስቀል ጥቁረት ደግሞ ድኝ የፈጠረው ስለሆነ በቮድካ አይለቅም። ሳህን ውስጥ አሉሚኒየም ፎይል አንጥፈው፣ መስቀሉን ፎይሉን እንዲነካ አስቀምጠው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ያፍስሱበት።

ኃይል እንዲኖረው ከበረኪና ጋር ባደባልቀውስ?

አይደረግም። አልኮልና በረኪና ሲገናኙ ክሎሮፎርምን የመሰሉ መርዛማ ነገሮች ይፈጠራሉ። አቼቶ ወይም ሎሚ ከበረኪና ጋር ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይሰጣል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። በአንዱ ካጸዱ በሌላው ከመድገምዎ በፊት በብዙ ውሃ ያለቅልቁ።

40 ከመቶው ውሃ ለበዛበት ነገር እሳት ይፈራለታል?

ይፈራለታል። 40 ከመቶ አልኮል በባሕር ጠለል ከፍታ 26 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ሲደርስ የሚነደውን ያህል ተን ይሰጣል። ከሚሴ ላይ ይህ የተለመደ የቀን ሙቀት ነው። ደሴ ቀዝቃዛ ናት ብለው እንዳይዘናጉ፤ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ተኑ በዝቅተኛ ሙቀትም ለመንደድ ይበቃል። በብናኝ መልክ ሲረጭ ደግሞ አየሩ ቢቀዘቅዝም ከነበልባል ጋር ይያያዛል።

ስለዚህ ከሰል፣ ዕጣን ማጨሻ፣ ሻማ፣ ኩራዝ ባለበት ክፍል አይረጭም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከማጥፊያው ተዘግቶም ለረጅም ጊዜ ስለሚግል እስኪበርድ ይጠበቅ። መብራት ሲጠፋ ሻማ አብርቶ ጽዳቱን መቀጠል ትልቁ አደጋ ነው። ልብስዎ ላይ ከነካዎ እሳት አጠገብ ከመቀመጥዎ በፊት ይድረቅ።

የአልኮል ነበልባል ሰማያዊ ስለሆነ በቀን ብርሃን ላይታይ ይችላል። ከተያያዘ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ካልሆነ፣ በብዙ ውሃ ይጠፋል፤ አልኮል እንደ ዘይት ላይ ላይ አይንሳፈፍም። እርጥብ ባናም ማልበስ ይቻላል።

ትኋንና ቁንጫ ያጠፋል?

የነካውን አንዳንዱን ሊገድል ይችላል፤ እንቁላሉንና ስንጥቅ ውስጥ ያለውን አያገኘውም። በአልኮል የራሰ የስፖንጅ ፍራሽ ደግሞ እሳት ይጠብቃል። አንሶላና ጋቢውን በፈላ ውሃ መዘፍዘፍ፣ የአልጋውን መገጣጠሚያም የፈላ ውሃ ማንቆርቆር የበለጠ ይሠራል።

መጠጥ ቤታችን አይገባም። በምን እንተካው?

ወሎ ውስጥ ይህ በየቀኑ የሚጠየቅ ነው፤ በአንድ ቤት ያሉ ዘመዳሞች እንኳ በዚህ ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። የፋርማሲው አልኮል ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ሼኩን መጠየቅ ነው፤ ያለ እሱ ግን የሚጎድል ጽዳት የለም። ለመስተዋት አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ውሃ ይበቃል። የዕጣኑ ሙጫ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ ትንሽ ትግል ቢጠይቅም፣ ይለቃል። ለልብስ ሽታ ፀሐይና ነፋስ፤ ለሽታ ያለው ምንጣፍ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አሳድሮ ማራገፍ። አቼቶና ሎሚ እብነ በረድን ይበላሉ።

ለጋቢና ለነጠላ እንዶድ አለ። አንድ ጭብጥ የደረቀ ፍሬ ወቅጠው በሁለት ሊትር ለብ ያለ ውሃ ያሳድሩና አጥልለው አረፋውን ይጠቀሙ። ሰውም ከብትም እንዳይጠጣው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1960ዎቹ የፈረንጅ ዘመን የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያረጋገጡለት ተክል ነውና ዓሣም አይተርፈውም። እጣቢውን ሐይቅ ወይም ወንዝ ዳር አይድፉ።

ለጽዳት ብዬ ቮድካ ልግዛ?

አይግዙ። የመጠጥ ኤክሳይዝ ታክስ ከፍለው ከግማሽ በላይ ውሃ መግዛት ነው። የተረፈ ካለ ይጠቀሙበት፤ ከሌለ የፋርማሲው አልኮል ተበርዞ ያንኑ ይሠራል።

በምን ላስቀምጠው?

በሃይላንድ አይሁን። ልጅም እንግዳም ውሃ ነው ብሎ ያነሳዋል፤ ቮድካ መልኩ ከውሃ አይለይም። በትንሽ ሕፃን ላይ ጥቂት ጉንጭ እንኳ የደም ስኳር አውርዶ ራስ ሊያስት ይችላል፤ ከጠጣ ሳያስታውኩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፣ ጠርሙሱንም ይያዙ። የመርጫውን ጠርሙስ ላይ «ለጽዳት፣ አይጠጣም» ብለው በቋሚ ማርከር ጽፈው በላዩ ግልጽ ፕላስተር ይለጥፉበት፤ ካልሸፈኑት ጽሑፉን ራሱ የሚንጠባጠበው አልኮል ያጠፋዋል።